ከሚታየው ሰማይ ወዲያ

ከሚታየው ዓለም ሌላ ዓለም ይኖር እንደ ሆነ መጠየቅ የተጀመረው ቴሌስኮፕ ከመሠራቱ ከ2,000 ዓመት በፊት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት በግሪክ አገር የነበሩት ሌውኪጶስና ዲሞክሪጦስ፣ ነገር ሁሉ ሊከፈሉ ከማይችሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ማለትም ከአቶሞች እንደ ተሠራ፣ እነዚህም ቅንጣቶች ወሰን በሌለው ባዶ ስፍራ እየተጋጩና እየተያያዙ ዓለማትን እንደሚያስገኙ አስተማሩ። እነርሱ ዓለም ሲሉ አንዲት ምድርን ከነፀሐይዋ፣ ከነጨረቃዋና ከነከዋክብቷ ማለታቸው ነበር። አቶሞቹ ቁጥር፣ ባዶውም ስፍራ ዳርቻ ከሌለው፣ ይህችን ምድርና ይህንን ሰማይ ያስገኘው ግጥጥሞሽ በሌላ ስፍራ የማይደገምበት ምክንያት አልታያቸውም፤ ከእነርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው ኤፒኩሮስም ይህንኑ ሐሳብ ይዞ፣ ዓለማት ስፍር ቁጥር እንደሌላቸው፣ ከፊሎቹም ይህችን ሲመስሉ ከፊሎቹ እንደማይመስሉ ለተማሪዎቹ ጻፈ።

አርስቶትል ግን ይህን አልተቀበለም። በእርሱ ትምህርት አፈርና ከባድ ነገር ሁሉ በተፈጥሮው ወደ ዓለም እምብርት ይወድቃል፣ እሳትም ከእምብርቱ ሸሽቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለተኛ ዓለም ካለ ደግሞ ሁለተኛ እምብርት አለ ማለት ስለሆነ፣ የዚያኛው ዓለም አፈር ወደዚህኛው እምብርት ለመውረድ የራሱን ሰማይ ሽቅብ ሊወጣ ነው፣ ይህም ከባድ ነገር ወደ ታች ይወድቃል ከሚለው ሕግ ጋር ይጣላል። ክርክሩ በዘመኑ በነበረው የፊዚክስ እውቀት ላይ የቆመ እንጂ እንዲያው የተነገረ እምነት አልነበረም፣ ለረጅም ዘመን ሳይነቀነቅ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመካከለኛው ዘመን የአርስቶትል ትምህርት በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሲነግሥ ተቃውሞ የገጠመው ባልተጠበቀ በኩል ነው። የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒዬ እ.ኤ.አ. በ1277 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመምህራኑ ዘንድ ይነገሩ የነበሩ 219 አንቀጾችን ሲያወግዝ፣ ከተወገዙት አንዱ የመጀመሪያው ምክንያት፣ ማለትም እግዚአብሔር፣ ብዙ ዓለማትን ሊፈጥር አይችልም የሚለው ነበር። ጳጳሱ ይህን ያወገዘው ሌላ ዓለም አለ ብሎ ሳይሆን የፈጣሪ ሥልጣን በአንድ ፈላስፋ ፊዚክስ እንዳይታጠር ሲል ነው፤ ይሁንና ውግዘቱ መምህራኑ ሌሎች ዓለማትን ቢያንስ በሐሳብ እንዲመረምሩ በር ከፈተ። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም የእያንዳንዱ ዓለም አፈር ወደየራሱ እምብርት ሊወድቅ እንደሚችል፣ የአርስቶትልም ማስረጃ በዚህ እንደሚፈርስ አሳየ፣ ራሱ ግን በመጨረሻው ዓለም አንድ ናት ብሎ ነገሩን ዘጋ።

ጆርዳኖ ብሩኖ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላወቀም። ይህ ጣሊያናዊ የቀድሞ መነኩሴ በ1584 ባሳተመው ድርሳን ኮከቦች ሁሉ ፀሐዮች እንደሆኑ፣ በዙሪያቸውም እንደ ምድር ያሉ ዓለማት እንደሚዞሩ፣ ሰማይም ወሰን እንደሌለው ጻፈ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ተይዞ ለዓመታት ከተመረመረ በኋላም በየካቲት 1600 ሮም ውስጥ ካምፖ ዴ ፊዮሪ በተባለው አደባባይ በእሳት ተቃጠለ። ብዙ ጊዜ የሥነ ፈለክ ሰማዕት ተደርጎ ቢነገርለትም ክሱ በሥላሴና በክርስቶስ አምላክነት ላይ የነበረውን አቋምም ያካተተ ስለ ነበር፣ የተገደለው ስለ ዓለማት ብዛት ብቻ ነው ማለት ታሪኩን ማጥበብ ይሆናል። ቴሌስኮፕ የሰማይን ጥናት የለወጠው እርሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ጋሊልዮ በ1610 ባወጣው መጽሐፍ ፍኖተ ሐሊብ የተባለው ነጭ የሰማይ መቀነት ለዓይን ተለይተው የማይታዩ የእልፍ አእላፍ ኮከቦች ስብስብ መሆኑን አስታወቀ።

በ18ኛው መቶ ዓመት ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። የሰማይ ተመልካቾች እንደ ጉም ቁራጭ የሚታዩ፣ ኔቡላ የተባሉ ደብዛዛ ብርሃኖችን በየጊዜው እየመዘገቡ ነበርና፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ራይት በ1750 ካሳተመው ሥራ ሐሳብ የቀሰመው ኢማኑኤል ካንት በ1755፣ እነዚህ ደብዛዛ ብርሃኖች ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ የሚገኙ፣ ከርቀታቸው የተነሣ ኮከቦቻቸው ተለይተው የማይታዩ ሌሎች ፍኖተ ሐሊቦች እንደሆኑ ጻፈ። መጽሐፉ ያለ ደራሲው ስም ወጥቶ አሳታሚው ስለከሰረ ብዙም አልተነበበም፤ ነገር ግን ሐሳቡ የደሴት ዓለማት በሚል ስም ኋላ ላይ ሕይወት ዘርቶ ለ150 ዓመት ያህል አንዴ ሲነሣ አንዴ ሲወድቅ ኖረ። ርቀትን የመለኪያ ዘዴ እስካልተገኘ ድረስ ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚከራከረው በግምት ነበር።

ዘዴውን ያስገኘችው በሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ጣቢያ የሰማይ ፎቶግራፎችን እያየች የኮከቦችን ድምቀት ትመዘግብ የነበረችው ሄንሪታ ሊቪት ናት። ሊቪት በ1912 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ሴፊድ በሚባሉት፣ ብርሃናቸው በተወሰነ ጊዜ እየደመቀና እየደበዘዘ በሚመላለስ 25 ኮከቦች ላይ ተመሥርታ፣ የአንዱ ኮከብ ዑደት በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀቱ እንደሚበልጥ አሳየች። ይህ ማለት ዑደቱን በቀን ቆጥሮ የኮከቡን እውነተኛ ድምቀት ማወቅ፣ እውነተኛውን ከምድር ከሚታየው ጋር አስተያይቶም ርቀቱን ማስላት ይቻላል ማለት ነው።

በሚያዝያ 1920 በዋሽንግተን ከተማ ሃርሎው ሻፕሊና ሂበር ከርቲስ በአንድ መድረክ ሲቀርቡ ጉዳዩ ገና አልለየለትም ነበር። ሻፕሊ ፍኖተ ሐሊብ ወደ 300,000 የብርሃን ዓመት ስፋት እንዳላት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ሲሆን 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ ጽንፈ ዓለምም በመሠረቱ እርስዋው እንደሆነች ተከራከረ፤ ከርቲስ ደግሞ ጠመዝማዛዎቹ ኔቡላዎች ራሳቸውን የቻሉ የኮከብ ደሴቶች ናቸው አለ። ለሻፕሊ ትልቅ ድጋፍ የነበረው ወዳጁ አድሪያን ቫን ማነን እነዚህ ጠመዝማዛዎች በዓመታት ውስጥ ሲሽከረከሩ ለካሁ ማለቱ ሲሆን፣ ልኬቱ ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ የተቆረጠው በአንዲት የመስታወት ፎቶግራፍ ነው። ኤድዊን ሃብል በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ፣ መስታወቱ 2.5 ሜትር ስፋት በነበረው በዘመኑ ትልቁ ቴሌስኮፕ፣ በጥቅምት 1923 መጀመሪያ የአንድሮሜዳን ኔቡላ ፎቶ አንሥቶ ሦስት አዳዲስ የብርሃን ነጥቦች አየ፤ ሦስቱም ኖቫ፣ ማለትም ድንገት የሚፈነዱ ኮከቦች መስለውት ከጎናቸው የኖቫን የመጀመሪያ ፊደል በቀለም ጻፈ። ከቀድሞ ፎቶዎች ጋር ሲያስተያያቸው ግን አንዱ ነጥብ እየደመቀና እየደበዘዘ ሲመላለስ የኖረ መሆኑን ስላወቀ፣ በዚያ አጠገብ የጻፈውን ፊደል ሰርዞ ተለዋዋጭ ኮከብ የሚለውን ቃል በአጭሩ ከቃል አጋኖ ጋር አሰፈረበት። የሴፊዱ ዑደት 31 ቀን ገደማ ሆኖ ሲገኝ የሊቪት ሕግ የአንድሮሜዳን ርቀት ወደ 900,000 የብርሃን ዓመት አደረሰው፣ ይህም ሻፕሊ ለፍኖተ ሐሊብ ከሰጠው ስፋት ሦስት እጥፍ ነበር (ዛሬ የሚታወቀው ርቀት ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው)። ውጤቱ በጥር 1 ቀን 1925 በዋሽንግተን ሃብል ራሱ በሌለበት ተነበበ፣ የደሴት ዓለማት ክርክርም በዚሁ ተዘጋ። ሌላ ዓለም ይባሉ የነበሩት ጋላክሲ ተባሉ፤ ጽንፈ ዓለም የሚለው ስምም ወደ ላይ ከፍ ብሎ ሁሉንም ጋላክሲዎች በአንድነት ያዘ።

በዚያው ዘመን ጽንፈ ዓለም ራሱ እንደ አንድ ነገር ሊሰላ የሚችል ሆነ። አልበርት አይንስታይን በ1915 ያወጣው አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ስበትን የኅዋና የጊዜ መጉበጥ አድርጎ ስለገለጸ፣ የጠቅላላውን ኅዋ ቅርጽና ዕጣ በቀመር መጻፍ ተቻለ፤ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፍሪድማን በ1922፣ ቤልጂየማዊው ካህን ዦርዥ ለሜትር በ1927 ኅዋ ሊሰፋ እንደሚችል ከቀመሩ አወጡ፣ ሃብልም በ1929 ጋላክሲዎች በርቀታቸው መጠን ከምድር እየሸሹ መሆናቸውን አሳየ። አይንስታይን በ1917 ኅዋን በአንድ ቦታ ለማቆም ሲል በቀመሩ ላይ የጨመረው የኮስሞሎጂ ቋሚ ቁጥር ከዚህ በኋላ የማያስፈልግ መስሎ ተጣለ፤ ይህ የተጣለ ቁጥር ከ70 ዓመት በኋላ የሌሎች ጽንፈ ዓለማት ክርክር ዋና መዘውር ሆኖ ይመለሳል።

ሌላው መንገድ የተከፈተው ከሰማይ ሳይሆን ከአቶም በኩል ነው። በ1920ዎቹ የተዋቀረው ኳንተም ሜካኒክስ አንድን ቅንጣት የሚገልጸው የሞገድ ፈንክሽን በሚባል ቀመር ሲሆን፣ ይህ ቀመር ቅንጣቱ ሊገኝባቸው የሚችሉትን ስፍራዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አቅፎ ይይዛል፤ ኧርቪን ሽሮዲንገር በ1926 ያወጣው እኩልታም ይህ ሞገድ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ ያለ አንዳች መቆራረጥ ይናገራል። ችግሩ መሣሪያ ቀርቦ ሲለካ የሚገኘው አንድ ስፍራ ብቻ መሆኑ ነው። በኮፐንሃገን የነበሩት ኒልስ ቦርና ተከታዮቹ ለዚህ የሰጡት መልስ፣ የአቶሞቹ ዓለምና የመለኪያ መሣሪያዎች ዓለም በተለያየ ቋንቋ የሚነገሩ በመሆናቸው፣ ልኬት በተደረገ ጊዜ ከብዙዎቹ ዕድሎች አንዱ ብቻ እውን እንደሚሆን መቀበል ነው የሚል ሲሆን፣ ሞገዱ ለምንና መቼ በድንገት እንደሚሰበሰብ ግን ከእኩልታው ውስጥ አይወጣም ነበር።

በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ሂዩ ኤቨረት በ1954 አንድ ምሽት ከክፍል ጓደኛው ከቻርልስ ሚዝነርና በጉብኝት ላይ ከነበረው የቦር ረዳት ከአጌ ፒተርሰን ጋር መጠጥ ይዘው ሲጫወቱ፣ በዚህ መሰብሰብ በተባለው ነገር ላይ መሳለቅ ጀመረ፣ ቀልዱም ቀስ በቀስ የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሆነ። መልሱ በሐሳቡ ቀላልነት የሚያስደነግጥ ነው፤ ሞገዱ ከቶ አይሰበሰብም፣ የሽሮዲንገር እኩልታ ለቅንጣቱም፣ ለመለኪያውም፣ ለለኪውም ሰው እኩል ይሠራል አለ። ቅንጣቱ በግራም በቀኝም ከሆነ፣ የለካው ሳይንቲስትም ግራ ሆኖ ያገኘውና ቀኝ ሆኖ ያገኘው ሆኖ ይቀጥላል፤ ሁለቱ ቅርንጫፎች ከዚያ በኋላ እርስ በርሳቸው ስለማይነካኩ እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ውጤት ብቻ ይሆናል።

አማካሪው ጆን ዊለር ሐሳቡን ወድዶት ነበር፤ ነገር ግን የቦር ወዳጅ ስለነበር በ1956 ረቂቁን ይዞ ኮፐንሃገን ድረስ ሄዶ ሊያስታርቅ ሞከረ፣ ባልተሳካለትም ጊዜ ኤቨረት ጽሑፉን በእጅጉ እንዲያሳጥርና ቃላቱን እንዲያለሰልስ አስደረገው። በ1957 የታተመው አጭሩ ጽሑፍ ስለ ዓለማት መብዛት በግልጽ የሚናገረው እምብዛም የለም። ከማተሚያ ቤት ከመውጣቱ በፊት ያነበበው ብራይስ ዲዊት የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እኔ ስከፈል አይታወቀኝም ብሎ ሲቃወም፣ ኤቨረት በኅዳግ ማስታወሻ የሰጠው መልስ ይህን ተቃውሞ በኮፐርኒከስ ላይ ከተነሣው፣ ምድር ብትዞር ይታወቀን ነበር ከሚለው ጋር አመሳሰለው፤ ንድፈ ሐሳቡ ራሱ መከፈሉ ለምን እንደማይታወቅ ካስረዳ ተቃውሞው ይወድቃል ማለቱ ነበር። ዲዊት በመልሱ ተሸነፈ። ኤቨረት ግን ገና ጽሑፉ ሳይታተም ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ፔንታጎን ውስጥ የኑክሌር ጦርነት ስሌት ይሠራ ነበር፤ በ1959 ኮፐንሃገን ሄዶ ከቦር ጋር ቢገናኝም ውይይቱ ፍሬ አልባ ሆነ፣ ወደ ፊዚክስም አልተመለሰም። ሐሳቡ ከ13 ዓመት ዝምታ በኋላ በሰፊው የተሰማው ዲዊት በ1970 ፊዚክስ ቱደይ በተባለው መጽሔት ስለ ጻፈለት ነው፣ ብዙ ዓለማት የሚለውንም ስም ያስለመደው እርሱ ነው። ኤቨረት በ1982 በ51 ዓመቱ ሞተ።

ሦስተኛው መንገድ እንደገና በሰማይ በኩል መጣ። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በኒው ጀርሲ በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል አንቴና ከየአቅጣጫው እኩል የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ጩኸት ሰምተው በ1965 ሲያስታውቁ፣ ጽንፈ ዓለም በመጀመሪያው ከነበረበት ግለት የቀረ ጨረር መሆኑ ታወቀ። የጨረሩ ሙቀት ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር በሰማይ በየትኛውም በኩል በመቶ ሺህ አንድ ያህል ልዩነት ብቻ ማሳየቱ ራሱ እንቆቅልሽ ነበር፤ በሰማይ ተቃራኒ ጫፎች ያሉት ስፍራዎች በቀድሞው የታላቁ ፍንዳታ (ቢግ ባንግ) ስሌት መሠረት ብርሃን እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ አላገኘም ነበርና፣ ሳይገናኙ እንዴት ተስማሙ?

አለን ጉዝ ይህን እንቆቅልሽ ሊፈታ ብሎ አልተነሣም። ቋሚ ሥራ ያላገኘ የ32 ዓመት ተመራማሪ ሆኖ በስታንፎርድ የቅንጣት ማፋጠኛ ማእከል ሲሠራ ያስጨነቀው ነገር፣ የዘመኑ ንድፈ ሐሳቦች በመጀመሪያው ግለት ውስጥ በብዛት ተፈጥረው ነበር የሚሏቸው ባለ አንድ ዋልታ ማግኔቶች የት ጠፉ የሚለው ነበር። በታኅሣሥ 1979 አንድ ሌሊት ሲያሰላ፣ ገና በሰከንድ ቅንጣት ቅንጣት ውስጥ የነበረው ኅዋ አንድ ያልተረጋጋ የኃይል ሁኔታ ውስጥ ከቆየ ይህ ኃይል ስበትን ገልብጦ ወደ ውጭ የሚገፋ እንዲሆን እንደሚያደርገው፣ ኅዋም ከ1 ቀጥሎ ቢያንስ 25 ዜሮዎች በተጻፉለት ቁጥር ያህል እንደሚገሽብ አገኘ። ግሽበቱ ማግኔቶቹን በትኖ አራርቆ ያጠፋቸዋል፤ አልፎም የዛሬው ሰማይ ሁሉ ከመገሸቡ በፊት እርስ በርሱ ከተነካካ አንዲት ትንሽ ስፍራ የወጣ ስለሚሆን የሙቀቱ እኩልነት ይፈታል። ጉዝ በማግስቱ ጠዋት በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይህን አስደናቂ ግኝት ነው ብሎ በዋና ፊደላት ጽፎ በሁለት መስመር ሳጥን ከበበው።

በ1981 ሲያሳትመው ግን ቀመሩ አንድ ጉድለት እንዳለው ራሱ ጽፎ ነበር። ግሽበቱ የሚያልቀው በየስፍራው የተለመደ ኅዋን የያዙ አረፋዎች ሲፈጠሩ ነው፤ አረፋዎቹ ተገናኝተው ኅዋን ሊሞሉት ሲገባ በመካከላቸው ያለው ስፍራ ከእነርሱ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚገሽብ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ዓይን እያወጣ ሳለ ሊጡና ምጣዱ ዓይኖቹ ከሚበዙበት ፍጥነት በላይ እየሰፉ ቢሄዱ እንጀራው መቼም አይበስልም፣ ዓይኖቹም አያልቁም። በ1982 በሞስኮ አንድሬይ ሊንዴ፣ በአሜሪካም ፖል ስታይንሃርትና አንድሪያስ አልብሬክት የሚታየው ጽንፈ ዓለም በአንድ አረፋ ውስጥ በሙሉ ሊገባ እንደሚችል አሳይተው ችግሩን አቃለሉት። ለጉዝ ጉድለት የነበረው ያ የማያልቅ ግሽበት ግን አልጠፋም፤ አሌክሳንደር ቪሌንኪን በ1983፣ ሊንዴም በ1986፣ ግሽበቱ አንድ ጊዜ ከጀመረ በአንድ ስፍራ ሲያበቃ በሌላ እየቀጠለ ለዘላለም አዳዲስ አረፋዎችን እንደሚወልድ፣ እያንዳንዱም አረፋ ውስጡ ላለ ተመልካች ሙሉ ጽንፈ ዓለም እንደሚሆን አሳዩ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከእነዚህ ሰዎች ሌሎች ጽንፈ ዓለማትን ፍለጋ የወጣ አለመኖሩ ነው። ኤቨረት የልኬትን ምስጢር፣ ጉዝም የጠፉ ማግኔቶችን ሲፈልጉ ነበር፤ ጽንፈ ዓለማቱ ለሌላ ሥራ ከተዘጋጁ ቀመሮች ሳይጠሩ መጡ። የሐሳቡ ጥንካሬ ከዚህ ይመነጫል፤ ድካሙም ከዚሁ ነው፣ እናት ቀመሩ ራሱ ገና ያልተረጋገጠ ከሆነ ልጁ ከእናቱ ሊበረታ አይችልምና።

ስቲቨን ዋይንበርግ በ1987 ያወጣው ጽሑፍ ሌሎቹን ጽንፈ ዓለማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሰጣቸው ማለት ይቻላል። ባዶ ኅዋ በኳንተም ሕግ መሠረት የራሱ ኃይል ሊኖረው ይገባል፣ ይህም የአይንስታይን የተጣለው ቋሚ ቁጥር ሆኖ ይሠራል፤ ነገር ግን በተለመደው ስሌት የሚጠበቀው መጠን ሰማይ ከሚፈቅደው በላይ ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮዎች ያህል እጥፍ ይበልጥ ነበር። ዋይንበርግ ቁጥሩ ከአንዱ ጽንፈ ዓለም ወደ ሌላው የሚለያይ ከሆነስ ብሎ ጠየቀ። ቁጥሩ ትልቅ በሆነበት ስፍራ ኅዋ ፈጥኖ ስለሚበተን ጋላክሲ፣ ኮከብ፣ እንዲሁም ጠያቂ ፍጡር አይኖርም፤ ስለዚህ ጠያቂ ባለበት ሁሉ ቁጥሩ ከአንድ ጣሪያ በታች መገኘት አለበት፣ ዜሮ የሚሆንበት የተለየ ምክንያት ከሌለ ግን ከጣሪያው እጅግ ዝቅ ብሎ አይገኝም። ጽሑፉ ብራንደን ካርተር በ1973 በፖላንድ ክራኮው ከተማ የሰየመውን፣ የሚታየው ነገር ተመልካች እንዲኖር በሚያስችለው የተወሰነ ነው የሚለውን አንትሮፒክ መርሕ በቁጥር የተረጎመ ሥራ ነበር። በ1998 ሁለት ቡድኖች የሩቅ ኮከቦችን ፍንዳታ ሲለኩ የኅዋ መስፋት እየፈጠነ መሆኑን አገኙ፤ ቁጥሩ ዜሮ አልነበረም። የዋይንበርግ የመጀመሪያ ጣሪያ ከተለካው ብዙ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ከተለመደው ስሌት ይልቅ እጅግ የቀረበ ነበር።

የስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ቁጥሩ እንዴት ሊለያይ እንደሚችል መንገድ አቀረበ። ይህ ንድፈ ሐሳብ ቅንጣቶችን እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ረቂቅ የሚርገበገቡ ክሮች የሚቆጥር ሲሆን፣ ከሚታዩት ሌላ የተጠቀለሉ የኅዋ አቅጣጫዎች እንዲኖሩ ይጠይቃል፤ ራፋኤል ቡሶና ጆሴፍ ፖልቺንስኪ በ2000 እንዳሳዩት የአጠቀላለላቸው ዓይነት እጅግ ብዙ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከ1 ቀጥሎ 500 ዜሮ ያህል ተብሎ ይገመታል፣ እያንዳንዱም የራሱ ሕግና የራሱ ባዶ ኃይል ያለው ጽንፈ ዓለም ይሰጣል። ሊዮናርድ ሰስኪንድ በ2003 ይህን ሁሉ የስትሪንግ መልክዓ ምድር ብሎ ሰይሞ ከዘላለማዊው ግሽበት ጋር አጣመረው። ዴቪድ ግሮስን የመሰሉ ሌሎች የዘርፉ ሊቃውንት ግን ፊዚክስ ቁጥሮቹን ከመሠረቱ የማስላት ተስፋውን ይህን ያህል ቶሎ መጣል የለበትም ብለው ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም ክብደት አለው፣ ምንም ቁጥር ቢለካ አንድ ስፍራ ላይ የሚገኝበት ንድፈ ሐሳብ ከልኬት ጋር ሊጋጭ አይችልምና።

ልኬት ግን ፈጽሞ አልተተወም። ከጎን ያለ አረፋ ገና በልጅነቱ ከዚህኛው ጋር ተጋጭቶ ከሆነ በጥንታዊው ጨረር ላይ ክብ ጠባሳ ሊተው ይችላል በሚል፣ በለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2011 የደብልዩማፕ ሳተላይትን የሰማይ ካርታ በኮምፒዩተር ፈትሸው የሚያስተማምን ምልክት አላገኙም። ከዚያ በመጋቢት 2014 በደቡብ ዋልታ ባይሴፕ2 የተባለውን ቴሌስኮፕ የሚያንቀሳቅሰው ቡድን፣ በግሽበቱ ጊዜ የተፈጠሩ የስበት ሞገዶች በጨረሩ ላይ ያተሙትን ጠመዝማዛ ንድፍ አየሁ አለ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ቻው ሊን ኩዎ ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የሊንዴ ቤት ሄዶ በሩን ሲያንኳኳ፣ ዜናውን ሲነግር፣ ሊንዴና የፊዚክስ ሊቅ የሆነችው ባለቤቱ ሬናታ ካሎሽ ሻምፓኝ ሲከፍቱ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። በጥር 2015 ከፕላንክ ሳተላይት ቡድን ጋር በተደረገው የጋራ ትንታኔ ግን ምልክቱ በአብዛኛው የፍኖተ ሐሊብ አቧራ የፈጠረው ሆኖ ተገኘ።

ክርክሩ በዚያው ሰሞን ስለ ሳይንስ ምንነት ሆነ። ደቡብ አፍሪካዊው ጆርጅ ኤሊስና ጆ ሲልክ በታኅሣሥ 2014 በኔቸር መጽሔት፣ ሊፈተን የማይችል ንድፈ ሐሳብ በውበቱ ብቻ ሳይንስ ሊባል አይገባም ሲሉ ጻፉ። ግሽበትን ከመሠረቱት አንዱ የነበረው ስታይንሃርት፣ ለዘላለም የሚገሽብ ኅዋ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ስለሚያደርግ ምንም አይተነብይም ብሎ ከባልንጀሮቹ ተለየ፤ በ2017 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሳይንቲፊክ አሜሪካን ላይ ይህን ሲያሳትም ጉዝን፣ ሊንዴን፣ ዋይንበርግንና ስቲቨን ሆኪንግን ጨምሮ 33 ሳይንቲስቶች የመልስ ደብዳቤ ፈረሙ። ይሁንና ከፈራሚዎቹ ሆኪንግ ራሱ፣ መጋቢት 2018 ከሞተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቤልጂየማዊው ቶማስ ሄርቶግ ጋር የጻፈው ሥራ ሲታተም፣ ዘላለማዊው ግሽበት ይሰጣል የተባለውን ስፍር ቁጥር የሌለው ብዛት ወደ ውሱንና ይበልጥ ለስላሳ መልክ ለማውረድ ሲጥር ይታያል።

በደቡብ ዋልታ የቀጠሉት ባይሴፕና ኬክ የተባሉ ቴሌስኮፖች በ2021 ባወጡት ውጤት፣ የስበት ሞገዶቹን ብርታት የሚገልጸው ቁጥር ከ0.036 እንደማይበልጥ አስታወቁ። ሊንዴ በ1980ዎቹ ካቀረባቸው የግሽበት ቀመሮች ቀላሉ 0.13 ገደማ ይተነብይ ስለ ነበር በዚህ ልኬት ከውድድሩ ወጣ፤ እርሱና ካሎሽ ከ2013 ጀምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጇቸው ሌሎች ቀመሮች ግን እስከ 0.003ና ከዚያም በታች ስለሚወርዱ ልኬቱ አልነካቸውም፣ በደቡብ ዋልታና በቺሊ አታካማ በረሃ የተተከሉት መሣሪያዎችም ወደዚያ ቁጥር እየወረዱ ነው።